የጥያቄ ምልክቶቹ

አንድ ማለዳ ቢሮ ገብቼ ሌሊቱን የወደቀውን ቴስት ሎግ ብከፍተው፣ የሚጠበቀው «??? ????»፣ የተገኘውም «??? ????» መሆኑን፣ ሁለቱም ስላልተመሳሰሉ ቴስቱ መውደቁን ይነግረኛል። በዓይን ሲታዩ አንድ የሆኑትን ልዩ ናቸው ብሎ ከሚሟገት ሎግ ፊት ተቀምጦ ሰው ምን ይላል? ያ ቴስት የሚመረምረው «ወለተ ማርያም» የሚል ስም በፋይል ተጽፎ ተመልሶ ሲነበብ እንዳለ መገኘቱን ብቻ ነበረ፤ በእኔ ላፕቶፕ፣ በሊኑክስ ላይ፣ ወራት ሙሉ ያለ እንከን ሲያልፍ ኖሮ፣ በዚያ ሌሊት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ተሞክሮ ነበር።

በሎጉ ራስጌ የሲስተም ዝርዝር አልጠፋም፤ እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ነበር። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የሜሞሪው ልክ፣ የዲስኩ ቀሪ ቦታ፣ ከ200 መስመር የማያንሱ የኢንቫይሮመንት ቫርያብሎች፣ ከእነዚያም መካከል (ይቅር ይበለንና) የዳታቤዙ ፓስዋርድ ሳይቀር ተዘርግተው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሐተታ የታጣችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ይኸውም ጃቫ ፊደልን ወደ ባይት የሚለውጥበት የኢንኮዲንግ ስም።

እስከ ጃቫ 17 ድረስ ፕሮግራመሩ ለይቶ ካላዘዘው በቀር ጃቫ ኢንኮዲንጉን የሚወስደው ካለበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነበረ፤ ዩቲኤፍ-8 ያለ ትእዛዝ የሚጸና ሥርዐት የሆነው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በወጣው በጃቫ 18 ነው። የእኔ ሊኑክስ ዩቲኤፍ-8ን ሲሰጠው፣ የሰርቨሩ ዊንዶውስ ለምዕራብ አውሮፓ ልሳናት የተሠራውን ዊንዶውስ-1252ን ሰጠው፤ በዚያ ሠንጠረዥ ደግሞ ከግእዝ ፊደል አንዱ እንኳ ስፍራ የለውምና፣ ጃቫ ያላገኘውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት እየተካ ጻፈው። ምልክቶቹን ብቆጥራቸው ለ«ወለተ» ሦስት፣ ለ«ማርያም» አራት ናቸው። ፊደሉ በዩቲኤፍ-8 በደኅና ተጽፎ በንባብ ብቻ ስቶ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ፣ በየፊደሉ ፋንታ ሦስት ሦስት ባዕድ ምልክት ይታይ ነበር። አንድ ለአንድ ከሆነ ግን ስሙ የጠፋው በተጻፈበት ሰዓት ነው፤ ከፋይሉም ተመልሶ አይገኝም። ሎጉ ራሱ በዚያው ኢንኮዲንግ ስለ ተጻፈ፣ በሜሞሪ ውስጥ ደኅና የነበረውን የሚጠበቀውን ስም ጨምሮ አጠፋው፤ ምስክሩም በተከሳሹ ደዌ ተይዞ ነበርና።

የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ በድርሳኑ ፍጻሜ በማን ዘመነ መንግሥት፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደ ጻፈ ሲያኖር፣ የቀለም ቀንዱን ቁመት አይጽፍም። እኛም ከዚያ ወዲህ ራስጌውን ስናርም ውጤትን ሊለውጥ የሚችለውን ብቻ አስቀረን፤ የኮዱን ኮሚት፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙንና የጃቫውን ቨርዥን፣ ሎኬሉን፣ የሰዓት ክልሉንና ኢንኮዲንጉን። ኢንኮዲንጉንም ለፋይልና ለስክሪን ለየብቻ እንጽፈዋለን፤ ጃቫ 18 እንኳ ወደ ስክሪን በሚያወጣው ጽሑፍ የኮምፒውተሩን ልማድ መከተሉን አልተወምና። አንድ ባልደረባዬ፣ ቴስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ካለፈበት ሎግ የተለየው መስመር የኮከብ ምልክት እንዲደረግበት ጨመረበት፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ስሞች ሲለያዩም ሎጉ ከፊደሉ በታች የዩኒኮድ ቁጥሩን ያወጣል። ያንኑ ቴስት ምንም ሳልነካው በዚያው ሰርቨር ላይ ደግሜ ባስኬደው፣ የጥያቄ ምልክቶቹ እንዳሉ ሆነው፣ ከሥራቸው «በ1ኛው ፊደል 4808 ሲጠበቅ 63 ተገኘ» የሚል መስመር ወጣ። 4808 «ወ» ነው፤ 63 የጥያቄ ምልክት።