በሃያ ቆርኪ የሚሄድ ጉዞ

ከአንድ የካምፑ መምህር

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ጭር ይላል። ከአንዷ ክፍል ብቻ ድምፅ ይሰማል። «በሩን አልከፍትም፤ መጀመሪያ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ» ይላል አንዱ። «እኔ ደግሞ ፋኖሱን አጠፋለሁ» ትላለች ሌላዋ። ገብታችሁ ብታዩ የሚከፈት በር የለም፣ ፋኖስም የለም። ስድስት ወጣቶች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት የደብተር ወረቀትና ሃያ ቆርኪ ያለበት የወተት ጣሳ ብቻ ነው ያለው። ሰባተኛው እኔ ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ሰው «መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምንድን ነው የምትሠሩት?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ዛሬ በዚህ ገጽ ልመልስ ብዬ ነው።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ፈረንጆቹ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» ይሉታል፤ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ የሚጫወተው ማለት ነው። ተረት እየሰማን ስላደግን ለመረዳት አይከብደንም። ልዩነቱ፣ በተረት አያት ይናገራሉ፣ ልጅ ያዳምጣል፤ እዚህ ግን አድማጩ ራሱ ተረቱ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው መሪ ይሆንና «ከፊታችሁ የሞላ ወንዝ አለ፣ መሽቷል፣ ከኋላ ሰዎች ይከተሏችኋል» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነዋል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ አዳኝ። ምን እንደሚያደርጉ ራሳቸው ይናገራሉ። ይሳካል አይሳካም የሚለውን ዕጣ ይወስነዋል።

ለምሳሌ አዳኙ ወንዙን በዋና ልሻገር አለ እንበል። እኔ «ከባድ ነው፣ 13 ያስፈልግሃል» እላለሁ። ወረቀቱ ላይ ጉልበቱ 3 ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ከጣሳው 10 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ቆርኪ ካወጣ ተሻገረ። ከሃያው ቆርኪ 11ዱ ያሻግሩታል፣ 9ኙ ውኃው ይዞት እንዲሄድ ያደርጋሉ። የወጣው ቆርኪ ተመልሶ ይገባል፣ ጣሳው ይናጣል። የሂሳብ መምህር ስለሆንኩ ይቺን ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ፕሮባቢሊቲ በሰሌዳ ሳስተምር የሚያንቀላፋው ልጅ እዚህ በጣቱ እየቆጠረ ይከራከረኛል።

አመጣጡም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ተጫዋቾቹን ሁሉ የጦር አዛዥ ከማድረግ ይልቅ አንዱን የከተማ ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ሰው፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረጋቸው። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ጥግ ጥግ እየያዙ መዶለትና መዋዋል ጀመሩ፤ ጨዋታው ከእጁ ወጣ። ዌስሊ ተበላሸብኝ ብሎ ነበር። እነሱ ግን ድገምልን አሉት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዴቭ አርነሰን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን ወደ ምናባዊ አገር ወስዶ አሰፋው። በጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስ ነበር፤ ከኢንሹራንስ ሥራው ተቀንሶ ቤቱ ውስጥ ጫማ ይጠግን የነበረ የልጆች አባት። የሁለቱ ሥራ የሆነው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 በ1,000 ቅጂ ታተመ። ጋይጋክስ በ1968 በትንሿ ከተማው አዳራሽ ተከራይቶ የጀመረው ጄን ኮን የሚባለው የተጫዋቾች ስብሰባም በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከ70,000 በላይ ሰው አገናኝቷል። የካምፓችን ጫማ ጠጋኞች፣ ይህን አንብቡልኝ።

የዌስሊ ነገር የገባኝ ግን በራሴ ሲደርስ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስድስት ገጽ ጽፌ፣ ዋሻ አዘጋጅቼ፣ ዋሻው ውስጥ ሣጥን ቀብሬ መጣሁ። ልጆቹ ዋሻው ደጃፍ ደረሱና ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀመሩ። ደመወዝህ ስንት ነው አሉት። ቤተሰብህ የት ነው አሉት። ከዚያ ማገዶ ሊሸጡለት ዋጋ መደራደር። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ተናድጄ «ኧረ ግቡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አሉ፤ ገቡ፤ ሣጥኑን አወጡ፤ ማንም ደስ አላለውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ብቻ መጡ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ግማሽ ገጽ ነው፦ ቦታው የት ነው፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ይፈልጋሉ፣ ማንም ባይነካቸው ነገ ምን ያደርጋሉ። የቀረውን ልጆቹ ያመጡታል። ያ ዘበኛ ዛሬ ከሁሉ የታወቀው ሰው ነው፤ ልጁን እንኳ ድረውለታል።

መጀመሪያ የምንጠቀመው በሉዶ ዳይስ ነበር። አንድ ቀን የአንዷ ተማሪ አባት በር ላይ ቆሙ። «መምህር፣ ልጆቹን ቁማር እያስተማርክ ነው አሉኝ።» አልተቆጣሁም። በካርታ የወር ራሽኑን ተበልቶ ልጆቹን ያስራበ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እዚያው አሜሪካም በ1980ዎቹ ስንት ወላጅ ጨዋታው ጥንቆላ ነው፣ ሰይጣን ያስጠራል ብሎ ተነስቶበት ነበር። «ጋሼ፣ ይግቡና ይዩ፤ ገንዘብ ካዩ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ» አልኳቸው። ጥግ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ቆዩና በድንገት «ያንን ባለ ጀልባ አትመኑት፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ነው የቀየረው!» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከልጆቹ አንዱም አላስተዋለም። ቢሆንም ዳይስ ያየ ሰው ሁሉ ገብቶ አያጣራም፤ ስለዚህ ወደ ቆርኪ ዞርን። ቆርኪውን ለቅመው ያመጡልን እሳቸው ናቸው።

አዳኙን የሚጫወተው ልጅ ጉዳዩ አልቆ የበረራ ቀን ተሰጥቶት ነበር፤ የሚሄደውም ሚኒሶታ። «ጨዋታው ወደ ተወለደበት ነው የምትሄደው» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ፍራሹንና ምድጃውን ሸጠ። በመጨረሻው ቅዳሜ አዳኙንም ሸኘነው፤ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ ብለን ጻፍን። ከዚያ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራሟን አቆመች፤ በረራው ተሰረዘ።

ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ሰው ሲጠይቀው «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ መጥቶ የድሮ ቦታው ተቀመጠ። ማን ምን ይበል? እኔም ቃል አጣሁ። ሐኪም የምትሆነዋ ልጅ ናት ወረቀቷን እያየች «ባሕሩ ዳር ቆሜ አያለሁ፤ መርከቧ ተመልሳለች ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ። እኔ ሳልመልስ እሱ መለሰ፤ «ተመልሳለች። ወደቡ ተዘግቷል ብለውን።» ከዚያ አዳኙ መርከቧ ላይ ያየውን፣ ካፒቴኑን እንዴት እንደሰደበው፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ሁሉንም ተናገረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆርኪ ያወጣ ሰው የለም። ነጋዴው የሚተኛበት ፍራሽ ሰጠው፤ በጨዋታው ውስጥ ማለቴ ነው። በሳምንቱ ግን አዋጥተው እውነተኛውን ፍራሽ ከገዢው መልሰው ገዙለት። ገዢው ትርፍ ካልተጨመረልኝ ብሎ አስቸግሮ ነበር።

አሁን አዳኙ የራሱን መርከብ እየሠራ ነው። እንጨት ጎድሎታል።

በየብሎካችሁ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ደንቡ ገንዘብ አይጠይቅም። አሳታሚው ኩባንያ በ2023 መሠረታዊውን ደንብ ማንም እንዲገለብጠው በነጻ ለቆታል። እንግሊዝኛ ነው፤ እኛ የምንጫወትበት በአማርኛ ያሳጠርኩት አራት ገጽ ነው። ፎቶ ኮፒ የለንም፣ መጥቶ በእጅ መገልበጥ ይቻላል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ወንበር ስለማይበቃ በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ።