የጣሪያው ውሃ የት ይደር?

በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በዓመት 50,000 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ በፍንጣቂና በትነት የሚባክነው አንድ አምስተኛ ቢቀነስ እንኳ 40,000 ሊትር ይተርፋል። የዝናብ ውሃ ነገር በተነሳ ቁጥር ይህ ስሌት ይጠቀሳል፤ ውሃው በከንቱ የሚፈሰው በግንዛቤ ማነስ ነው የሚል ድምዳሜም ይከተለዋል።

ድምዳሜው አጠራጣሪ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከአሸንዳ ሥር ባልዲና ሳፋ መደርደር በየግቢው የታወቀ ነው። የሚቸግረው ማደሪያው ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በነሐሴ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በሳምንት ገደማ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የወረደው ሁሉ ቦይ ይገባል። በቀን 100 ሊትር የሚያወጣ ቤተሰብ ደግሞ ዝናቡ ካቆመ ያንኑ ሮቶ በ20 ቀን ይጨርሰዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ለመሻገር ስድስት ሮቶ ሊኖረው ይገባል። ይህን ጠባብ ግቢ አይችለውም፤ ተከራይም ነገ ለሚለቀው ቤት ገንዘቡን አያወጣም። ያለው አንድ ሮቶ ቢሆን በፈረቃ ለሚመጣው የቧንቧ ውሃ ተይዟል።

ዝናቡ እጅግ ባነሰበት በሶማሌ ክልል ሰው መሬት ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ ብርካ ይሠራል። እዚያ የውሃው ማደሪያ ከዝናቡ ቀድሞ ይዘጋጃል።

ትልቅ ማጠራቀሚያ የሌለው የከተማ ቤት በጋውን በጣሪያ ውሃ ለመሻገር ማሰቡ አያዋጣውም። የሚያዋጣው በክረምቱ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ በየዕለቱ እየቀዱ ለሚቀጥለው ዝናብ ቦታ መልቀቅ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ይተርፋል። ከደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋል። ከጣሪያ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣም።

የማጠራቀሚያው ክዳንም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ ክፍት በተተወ የውሃ ዕቃ ውስጥ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ባዶ ቢሆን ይሻላል።