ሐይቅ ዜሮ፣ ደሴ ኔጌቲቭ 30

ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ውጫሌ የሚዘልቀው አስፋልት ጥሩ የቁጥር መስመር ይወጣዋል። ሐይቅ ከተማ ዜሮ ትሁን። ወደ ሰሜን፣ ወደ አምባሰል የሚሄድ ሚኒባስ በፖዘቲቭ ይቆጥራል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሄዶ ደሴ የገባው ኔጌቲቭ 30 ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከደሴ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቢነዳስ? የመደመርና የመቀነስ ሕጉን የሸመደደ ተማሪ ምልክቱ ሊምታታበት ይችላል። መንገዱን የሚያውቅ ልጅ ግን ሐይቅን 10 ኪሎ ሜትር አሳልፎ ያቆመዋል።

ይህንኑ መስመር ስክሪን ላይ አድርጎ ሚኒባሷን በጣት መግፋት ነው እንግዲህ ዲጂታል የሒሳብ መርጃ የሚባለው። ልጁ ሲያንቀሳቅሳት ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል፤ መጽሐፍ ላይ ካለ ሥዕል የሚለየውም በዚህ ነው።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። መምህራን በየትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ማዕከል ከቆርኪና ከካርቶን መርጃ ሲሠሩ ኖረዋል። ከዚያም በፊት ገበጣ ነበረ፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈውበታል። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት ጉድጓድ እንደምትወድቅ በዓይኑ ቆጥሮ ይጨርሳል።

ስክሪኑ በተለይ የሚያግዘው ክፍልፋይ ላይ ነው። ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት ነው ቢባል፣ ላዕሉን ከላዕሉ ታሕቱን ከታሕቱ ደምሮ 2/5 የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ስክሪኑ ላይ ሲሶን የሚወክለውን ዘንግ ጎትቶ ግማሽን ከሚወክለው ዘንግ ጫፍ ሲያስጠጋው ግን ድምሩ ግማሹን አልፎ ይሄዳል፤ 2/5 ደግሞ ከግማሽም ያንሳል። ተደምሮ ማነስ! ያኔ ሁለቱንም ዘንጎች ወደ ስድስተኛ ይከፍላቸዋል፤ ሦስት ቁራጭና ሁለት ቁራጭ፣ 5/6። ካርቶንም ይህን ያሳያል። ነገር ግን በተጨናነቀ ክፍል ለሁሉም ካርቶን ቆርጦ እስኪታደል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ስክሪን ስለገባ ብቻ ግን ትምህርት ገባ ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስታወስ ይበቃል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ የገባውም ያልገባውም ተማሪ እኩል ታልፎ ይቀጥላል። ተማሪው እጅ ላይ ምንም አልነበረም። ዛሬም ላፕቶፑን መምህሩ ብቻ እየነካ ልጆቹ ከተመለከቱ፣ ያው ፕላዝማ ነው፤ መጠኑ አነሰ እንጂ።

እንዲህ ያሉ መርጃዎች የሚገኙባቸው ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ። ጂኦጄብራ እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ በማርከስ ሆሄንዋርተር የተጀመረ ነው፤ ፌትን ደግሞ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱት። ሁለቱም አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ይህ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት በአማራ ክልል ቀላል ነገር አይደለም። ሶፍትዌርም ያረጃል፦ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ዝነኛ የመርጃዎች ስብስብ በጃቫ የተሠራ ስለነበር፣ ብሮውዘሮች ጃቫን ሲተዉ የጃቫ መርጃዎቹ በብሮውዘር መሥራት አቆሙ። ቆርኪ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ከሐይቅ ከተማ የመርጃውን ፋይል በፍላሽ ይዞ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች የሚወጣ፣ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያለው መምህር አለ እንበል። ልጆቹን በየተራ እየጠራ ሚኒባሷን ያስገፋቸዋል። የተቀሩት እንደ ገበጣ ተጫዋች፣ ከመንቀሳቀሷ በፊት የት እንደምትቆም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ባትሪው ካለቀ መንገዱን በጠመኔ ወለሉ ላይ ያሰምራል፤ ሚኒባስ የሚሆነው አንዱ ልጅ ነው።