ከተደራቢው ወለል ሥር የሚታመቀው ሙቀት
በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ተደራቢ የጣውላ ወለል ሠርቶ አምፕሊፋየሩን ከሥሩ መሸሸግ ለዓይን ያማረ ሥራ ነው። ይሁንና ሙቀቱ አብሮ አይሰወርም። ብቃቱ 50 በመቶ የሆነ አምፕሊፋየር ከ12 ቮልት ባትሪ 200 ዋት ኃይል ሲወስድ በሽቦው 17 አምፔር ያህል ኮረንቲ ያልፋል፤ 100 ዋቱ ወደ ስፒከሮቹ ሲሄድ ቀሪው 100 ዋት እዚያው ሙቀት ይሆናል። ጣውላና ምንጣፍ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፉ የታፈነው አየር እየጋለ ይሄዳል፤ መሣሪያው የሙቀት መከላከያ ካለው ራሱን ያጠፋል፣ ከሌለው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ በላይ ክፍተት፣ በወለሉ ሁለት ጫፎችም የአየር መግቢያና መውጫ እንተው። ፊውዙን ግን ከባትሪው አጠገብ እንግጠም፤ ፊውዝ ከእሳት የሚጠብቀው ከእርሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ነውና።