ሦስት ተጋጣሚ ላለው ሰው የተሠራ ካርታ

ኮንከር ሲጫወት ላደገ ሰው ጆከር ምንጊዜም ጆከር ነው። የደረሰው ፊቱ ይፈካል፣ ያልደረሰው ይነጫነጫል፤ ስንት ሰው ቢቀመጥ ይህ አይለወጥም። እኔ አርብ አርብ ማታ የምጫወተው ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ማዕረግ አያውቅም። ሁለት ሰው ሲገጥም የተከበረው ካርታ አራት ሰው ሲቀመጥ ተራ ይሆናል፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ደግሞ ጠረጴዛውን ይገዛል።

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ሲሆን ለገበያ የወጣው በ1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የሚያሳትመው ኩባንያ፣ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሲያትል በስተደቡብ ሬንተን ነው። እኔም የምኖረው እዚያው ሬንተን ነው። ጨዋታውን ያስለመደኝ ግን ጉርብትናው ሳይሆን ልጄ ነው። እሱ ሥዕሉንና ድራጎኑን ይወዳል፤ እኔ ኑሮዬ የሂሳብ መዝገብ ስለሆነ ገቢና ወጪውን እወዳለሁ።

አጨዋወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አስማተኛ ነው። መሬት የሚባሉ ካርታዎች ማና የተባለ ኃይል ይሰጡታል፤ በማናው ወታደር፣ ድራጎን፣ ሙት መንፈስ (እነዚህ ሁሉ ፍጡር ይባላሉ) ይጠራል፣ ወይም ድግምት ይወረውራል። የተጋጣሚውን ነፍስ ዜሮ ያደረሰ አሸነፈ። ከኮንከር ዋናው ልዩነት የጋራ ካርታ በውዞ ማደል አለመኖሩ ነው። ሰው ሁሉ ከ20 ሺህ ከሚበልጡ የካርታ ዓይነቶች መካከል የራሱን መርጦ፣ ገዝቶ ወይም ተለዋውጦ፣ ያሰናዳውን ይዞ ይመጣል። ይህን ስብስብ ተጫዋቾች ዴክ ይሉታል። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ የሚያልቀው ከመቀመጣችሁ በፊት፣ የቱ ይግባ የቱ ይቅር ስትሉ ነው።

ለረጅም ጊዜ ዋናው አጨዋወት የሁለት ሰው ግጥሚያ ነበር፤ ለእያንዳንዱ 20 ነፍስ። በኋላ አላስካ ውስጥ ጥቂት ተጫዋቾች የራሳቸውን ሕግ አውጥተው ብዙ ሆነው መጫወት ጀመሩ፤ ሸልደን መነሪ የተባለ የውድድር ዳኛ ተቀብሎ በዓለም አስፋፋው። ዛሬ ኮማንደር የሚባለው ይህ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2011 ለኮማንደር ብቻ የተሰናዱ ዴኮች አወጣ፤ መነሪ በ2023 ሲያርፍ አጨዋወቱ ከሁሉም ገንኖ ነበር። ዴኩ 100 ካርታ ነው፤ ከተራ መሬቶች በቀር አንዱ ካርታ ሁለቴ አይገባም፤ አንድ መሪ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 40 ነፍስ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ሂሳቡ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ላይትኒንግ ቦልት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ዝነኛ ካርታ ነው፤ በአንዲት ማና ሦስት ነፍስ ይቀንሳል። በሁለት ሰው ግጥሚያ ሦስት ከ20 ማለት 15 በመቶ ነው፤ በአንዲት ማና ይህን ያህል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በኮማንደር ግን ከፊቴ የተደረደረው ነፍስ የሦስት ሰው ነው፤ 120። ሦስት ከ120 ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ ይሆናል። «ለነፍስ ባይሆን ፍጡር ለመግደል ይጠቅማል» ትሉ ይሆናል፤ ይጠቅማል፣ ግን የራሱ ዕዳ አለበት። እኔ አንድ ካርታ አወጣሁ፣ አንደኛው ተጋጣሚዬ አንድ ፍጡር አጣ፤ ሁለታችንም አንድ አንድ ከሰርን። እጃቸውን አጣጥፈው ያዩን ሁለቱ ሰዎች ምንም አላወጡም። በእኔ መዝገብ አትራፊዎቹ እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ልጄ ዴኬን ሲያገላብጥ ሳይፎን ማይንድ የሚባለውን ነጥሎ አወጣ። በ2002 የወጣ፣ በየፓኬቱ የሚገኝ ተራ ካርታ ነው። «አባዬ፣ ለዚህ አራት ማና ትከፍላለህ?» አለኝ። ካርታው የሚለው፣ ከእናንተ ሌላ ያለ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ ከእጁ ይጣል፣ በተጣለው ቁጥር ልክ እናንተ ሳቡ ነው። ለሁለት ሰው ልጄ ልክ ነው። ተጋጣሚያችሁ የማይፈልገውን መርጦ ይጥላል፣ እናንተ ያወጣችሁትን አንድ ካርታ በአንድ ትተካላችሁ፤ ለዚህ አራት ማና ማባከን አያዋጣም።

«ስንት ሰው ነው የምንጫወተው?» አልኩት።

ሦስት ሰው አንድ አንድ ጣለ፤ እኔ አንድ አውጥቼ ሦስት ሳብኩ። እጄ በሁለት ሞላ፣ የእነሱ ተደምሮ በሦስት ጎደለ። ዋጋው ያው አራት ማና ነው፣ ጽሑፉም ያው ነው። የተለወጠው የወንበሩ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርታ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው «እያንዳንዱ ተጋጣሚ» የሚለውን ሐረግ ነው። ቀጥሎ «ማንኛውም» የሚለውን እፈልጋለሁ። ብለድ አርቲስት፣ የ2012 ካርታ፣ ጉልበቱ ዜሮ ነው፤ መምታት አይችልም። ነገር ግን የማንም ፍጡር ይሁን በሞተ ቁጥር ከመረጣችሁት ሰው አንድ ነፍስ ወስዶ ለእናንተ ይሰጣል። አራት ሰው በሚዋጋበት ጠረጴዛ ላይ ሬሳ የሚጠፋበት ተራ ጥቂት ነው።

እስካሁን ያልኩት ማባዛት ነው፤ ማባዛት የሚችል ሁሉ ይደርስበታል። ከባዱ የሰው ጠባይ የሚገባበት ነው። ለዚህ ከሪስቲክ ስተዲ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ2000 የወጣ፣ ያኔ በተራነት ደረጃ የታተመ ካርታ ነው። ሦስት ማና ትከፍሉና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ ተጋጣሚ ድግምት በወረወረ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ማና ካልከፈለ እናንተ አንድ ካርታ ትስባላችሁ። ሲነበብ የሚያስፈራ ነገር የለውም። «እከፍላለሁ፣ አለቀ» ያሰኛል። ሁለት ሰው ሲገጥም በእርግጥም እንዲያ ነው፤ ተጋጣሚያችሁ ጉዳቱ በሙሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ፣ መክፈል ሲያዋጣው ይከፍላል፣ ሳያዋጣው እናንተን ለመጨረስ ይጣደፋል።

አራት ሲሆኑ ግን አለመክፈል የሚያመጣው ጉዳት ለሦስት ይከፈላል፤ የመክፈል ወጪ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ነርሷ፣ በጠረጴዛችን ላይ ከሁላችን የምትጠነቀቀው ተጫዋች፣ ሁልጊዜ ትከፍላለች፤ በዚህም ዕቅዷ በአንድ ተራ ይዘገያል። ከጎኗ ያለው ወጣት አይከፍልም፤ «አንድ ካርታ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሦስተኛው ወጣቱ ካልከፈለ እኔ ለምን እቀጣለሁ ብሎ ይተዋል። ባለካርታው ሦስት፣ አራት፣ አምስት ካርታ ይስባል። በመጨረሻ የምትሸነፈው ግን የከፈለችውም ጭምር ናት። ሦስቱም ቢከፍሉ ካርታው ከንቱ ይሆን ነበር፤ ሦስቱም እንዲከፍሉ ማስማማት ነው የማይቻለው። ይህ ተራ ካርታ ዛሬ በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ኩባንያው በ2025 «ጨዋታ ቀያሪ» ብሎ በዘረዘራቸው ኃያል ካርታዎች ውስጥም ገብቷል። ማናዋ አንድ ስለሆነች ነው ሰው የሚሸወደው። አምስት ብትሆን ኖሮ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ያስብበት ነበር።

ፕሮፓጋንዳም የዚሁ ዘመድ ነው። በ1997 ወጣ። እናንተን ሊያጠቃ የሚመጣ ሰው ለእያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ማና እንዲከፍል ያስገድዳል። ተጋጣሚው አንድ ሲሆን ሌላ የሚመታው ስለሌለ ውሎ አድሮ ይከፍልና ይመታችኋል። አራት ስትሆኑ ግን ውሻ ያለበትን ግቢ ያየ ሌባ እንደሚያደርገው አልፏችሁ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ካርታው ማንንም ሳያቆም ጦርነቱን ሌላ ሰው ደጃፍ ያደርሰዋል። በ2017 የወጣው ከርስ ኦቭ ኦፑለንስ ደግሞ ይባስ ብሎ ለአጥቂዎች ይከፍላል። በአንዲት ማና አንድ ሰው ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ያ ሰው በተጠቃ ቁጥር እናንተም አጥቂውም በኋላ ማና የሚሆን አንዳንድ ወርቅ ታገኛላችሁ። የካርታው ጉልበት ጽሑፉ ላይ የለም፤ የሌሎቹ ሁለት ሰዎች ስግብግብነት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይንሸራተታሉ። «ደካማ ካርታ ሁሉ በብዙ ሰው መካከል ይጠነክራል» ብለው ይደመድማሉ። ሃውሊንግ ማይን ይመስክር። ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ በተራው አንድ ተጨማሪ ካርታ ይስባል። ሁለት ሰው ሲጫወት ትርፉ እኩል ይካፈላል። አራት ሲሆኑ እናንተ አንድ ስትስቡ ተጋጣሚዎቻችሁ ተደምረው ሦስት ይስባሉ፤ ያውም የከፈላችሁት እናንተ፣ ቀድመው የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። «ግን ይወዱኛል፣ አያጠቁኝም» ይላል ልጄ። ስጦታ የሚታወሰው እስከ ቀጣዩ ተራ ነው፤ የሳቡት ካርታ ግን እጃቸው ላይ ይቆያል። በዚህ ጉዳይ ከልጄ ጋር አልተስማማንም።

በተቃራኒው ትሬድ ሲክሬትስን ተመልከቱ። አንድ ተጋጣሚ ትመርጣላችሁ፤ እሱ ሁለት ይስባል፣ እናንተ እስከ አራት ትስባላችሁ፤ ከዚያ ድርጊቱን መድገም አለመድገም የእሱ ፈንታ ነው። በሁለት ሰው ግጥሚያ ጤነኛ የሆነ ተጋጣሚ አይደግምም። ለሁለቱ የማይጠቅመው ነገር ግን አራት ሲቀመጡ ጥሩ ውል ይሆናል። እናንተና የመረጣችሁት ሰው ደጋግማችሁ እጃችሁን ትሞላላችሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። ነገሩ እንዲህ ስለከፋ ካርታው በኮማንደር ታግዷል። የካርታን ዋጋ ሲመዝን «እሺ ባይለኝስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። በብዙ ሰው ጨዋታ «ከሦስቱ አንዱ እሺ ቢለኝስ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

በእርግጥ የምር ደካማ የሆነም አለ። ዛሬ የንድፍ ቡድኑ መሪ የሆነው ማርክ ሮዝወተር ደካማ ካርታዎች ሆን ተብለው እንደሚታተሙ በ2002 በግልጽ ጽፏል። ሁሉም እኩል ሊጠነክር አይችልም፤ የተለያየ ተጫዋች የተለያየ ነገር ይወዳል፤ ደግሞም ፈልጎ የማግኘት ደስታ አለ። አዋቂ የሚባሉትም ይስታሉ። በ1995 የወጣው ኔክሮፖተንስ የራሳችሁን ነፍስ እየከፈላችሁ ካርታ የምትወስዱበት ነው፤ ብዙዎች «ነፍሱን የሚሸጥ ማን ነው?» ብለው አጣጣሉት። በቀጣዩ ዓመት ውድድሮቹን ሁሉ ከመውረሩ የተነሣ ያ ወቅት እስከ ዛሬ በተጫዋቾች ዘንድ «ጥቁሩ በጋ» ይባላል። ያ የሁለት ሰው ግጥሚያ ታሪክ ነው፤ 40 ነፍስ ላለው የኮማንደር ተጫዋች ደግሞ የሚከፍለው ገንዘብ እጥፍ ሆነለት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥር ውስጥ ስለማይገባ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ትልቅ ድራጎን ስታወጡ ዓይን ውስጥ ትገባላችሁ። ማስወገጃ የያዙ ሦስት ሰዎች እያዩት ያ ድራጎን ተራው ደርሶ ከመታ ዕድለኛ ነው። ጉልበት የለሹ ብለድ አርቲስት ግን ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ «ለሱ ብዬ ካርታ አላባክንም» እየተባለ አምስት ስድስት ተራ ይኖራል። ደካማ መምሰል በብዙ ሰው መካከል ራሱን የቻለ ጋሻ ነው። ጋሻው ግን የሚሠራው ባላወቁት ሰዎች ፊት ነው፤ ሪስቲክ ስተዲ ዛሬ የትም ቢወጣ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል።

ስለዚህ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ተሰናድቶ የሚሸጥ አንድ ዴክ ግዙና ተጫወቱ፤ ውድ ካርታ ለማሳደድ አትቸኩሉ። ሱቁ ጥግ ላይ ያለውን የርካሽ ካርታ ሳጥን ቁጭ ብላችሁ አገላብጡ፤ «እያንዳንዱ»፣ «ማንኛውም»፣ «ካልከፈለ» የሚሉትን ነጥላችሁ አውጡ። ጠረጴዛችሁ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እርሱትና ላይትኒንግ ቦልት ያዙ። ከእኔ ጋር አራት ሆነን ከተቀመጥን ደግሞ፣ አንድ ሰው ሪስቲክ ስተዲ ሲያወጣ፣ እባካችሁ ያቺን አንድ ማና ክፈሉ።