ፕሮስቴት ሲያድግ፦ ኦፕራሲዮኑ፣ ካቴተሩና ሰላቱ

ጅግጅጋም ሆነ ቶጎ ውጫሌ፣ በተራዊህ መሀል ሰፉን ጥለው የሚወጡ አባቶችን እናያለን። ብዙዎቹ «እርጅና ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ሆስፒታል የሚደርሱት ሽንታቸው ጭራሹን ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ኩላሊትም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኝ እጢ ነው። ከዕድሜ ጋር ሲያድግ ቧንቧውን ያጠበዋል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ መለየት ያለበት ግን በምርመራ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይጀመራል። መድኃኒቱ ካልበቃ፣ ሽንት ደጋግሞ ከተዘጋ ወይም ኩላሊት ከተነካ ኦፕራሲዮን ይታሰባል።

አንዱ መንገድ ሆድ ሳይከፈት፣ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ እጢውን እየላጡ ማውጣት ነው፤ ካቴተሩ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይወጣል። እጢው በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ80 ግራም በላይ፣ ወይም መሣሪያው ከሌለ ከእምብርት በታች ተከፍቶ ይወጣል። መድማቱም የሆስፒታል ቆይታውም ይጨምራል። ወደ ሼኽ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የትኛው እዚያው እንደሚሠራ፣ ለየትኛው ሪፈር እንደሚጻፍ ይጠይቅ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ ሊመለስ ስለሚችል፣ ገና ልጅ የሚፈልግ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሰላትስ? ብዙዎችን ከሕክምና የሚያስቀረው ይህ ፍርሃት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ወቅቱ ከገባ በኋላ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስሮ፣ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ አድርጎ ሳይዘገይ ይሰግዳል። በመሀል ቢንጠባጠብም ሰላቱ አይበላሽም።