በዓለ ልደት በካምፓላ፤ ድግሱ አልፎ ጥራጊው እንዳይቀር

በሰሜኑ ዓለም የልደት በዓል ሲነሣ በረዶና ብርድ አብረው ይነሣሉ። ካምፓላ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ ያለች ከተማ ስለ ሆነች በታኅሣሥ ወር የሚያገኛት ፀሐይ እንጂ በረዶ አይደለም። በዚያች ከተማ፥ ይልቁንም ካባላጋላ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ልደትን ታኅሣሥ 16 ቀን ሲያከብሩ ወገኖቻችን 13 ቀን ቈይተው ታኅሣሥ 29 ቀን ገናን ያከብራሉ። ስለዚህ ከተማይቱ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ትደግሳለች፤ ሁለት ጊዜም ጥራጊ ታወጣለች።

ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለ ጥራጊው ነው። ነገሩ ለበዓል ገጽ የማይስማማ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን እንዲያስታውስ እንለምነዋለን። በዚያ ቀን ኪቴዚ በሚባለው ስፍራ ለብዙ ዓመታት የተከመረው የካምፓላ ቆሻሻ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ30 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የደረሰውንና ከ110 በላይ ነፍስ ያጠፋውን መከራ ሳያስብ አይቀርም። ሁለቱም ክምሮች ከየቤቱ በወጣ ጥራጊ የቆሙ ነበሩ።

በካምፓላ ከገበያ የተገዛ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በካቬራ ነው። ካቬራ ማለት እኛ ፌስታል የምንለው የላስቲክ ከረጢት ነው። ስሱ ካቬራ እንዳይሸጥ በ2001 ዓ.ም. ሕግ ቢወጣም ከገበያ አልጠፋም። በየመንገዱ የተጣለውን ዝናብ ጠርጎ ወደ ናኪቩቦ ቦይ ያስገባዋል፤ ቦዩ በተደፈነ ጊዜ ጐርፉ ወደ ሱቆችና ወደ ቤቶች ይወጣል፤ የቀረውም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል። የከተማይቱ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነው ጋባ የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። እንግዲህ በበዓል ማግስት የጣልነው ዞሮ ወደ ማድጋችን ይመጣል ማለት ነው።

ደግነቱ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የቡጋንዳ እመቤቶች ማቶኬ የሚባለውን ያልበሰለ ሙዝ ልጠው፥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል። ለልደት ደግሞ ሉዎምቦ የሚባል ወጥ አለ፤ ዶሮው ወይም ሥጋው ከኦቾሎኒ መረቅ ጋራ፥ በእሳት በተለበለበ ለጋ ቅጠል ታስሮ ይበስላል፤ በዚያው ቅጠልም ይቀርባል። ከተበላ በኋላ ቅጠሉ ለተክል ሥር ይሆናል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ድፎ ዳቦ ትዝ ይለዋል፤ እናቶቻችን ዳቦውን በኮባ ቅጠል የሚጋግሩት ለመዓዛው ጭምር ነውና። ዛሬ በኮባው ፈንታ የፋብሪካ ወረቀት የሚያነጥፉ ብዙዎች ናቸው። የሙዝ ቅጠል ከየጓሮው በሚገኝባት በካምፓላ ግን ለዚህ ምንም ምክንያት የለም።

ስለ ቄጤማው እኛም ጥቂት አመንትተናል። የናኪቩቦ ረግረግ ደንገል የበቀለበትና የከተማውን እድፍ የሚያጣራ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ቀን ጉዝጓዝ ሲባል ከዚያ ማጨድ አይገባም። የላስቲኩ ሣር ደግሞ ሽታ የለው፤ ሲያረጅም አይበሰብስ። ከሁለቱም ይልቅ ከግቢ የታጨደ ሣር ይሻላል፤ ቡናው የሚፈላበትን ዙሪያ ብቻ መጎዝጎዝም ነውር አይደለም።

የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ብዙ ከሰል ይፈጃል። በአገራችን ላቀች እንደሚባለው ዓይነት ውስጡ ሸክላ የሆነ ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፤ እንዲህ ያለው በካምፓላም ይሸጣል። ስጦታ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ልጥ የሚሠራው ልብስ አለ። ልጡ ሲገፈፍ ግንዱን በሙዝ ቅጠል ስለሚሸፍኑት ዛፉ ሳይሞት ሌላ ልጥ ያበቅላል። ይህን ጥበብ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ቅርሶች መካከል አውጆታል።

በገና ዋዜማ ወደ ናካሴሮ ገበያ የምትወጣ እመቤት ዘንቢሏን ከቤት ይዛ ትውጣ፤ ሻጩ በልማዱ ካቬራውን ሲዘረጋ ዘንቢሏን ታሳየው። ዶሮዋን በሕይወት የምትገዛ ከሆነች ግን ለእርሷስ ዘንቢልም አያስፈልጋት።